ከባድ ሰው ይፈለጋል

ትናንት ከሰዓት ከባንኮ ጎቲቲ ወደ ዲላ ስንመለስ የጋሽ ሸምሱ ፒክአፕ መንገዱን ሙሉ እንደ ፍየል መዝለሉን፣ የኋላ ባሌስትራውም ፈጽሞ መድረቁን ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው... ባለፈው ወር ሐኪሞቹ «እናትህን ቤቷ ውሰዳት» አሉኝ። ሕመሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፤ ሲነኳት እንኳ ታቃስታለች። የዲላ ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ እስከ ባንኮ ሊያደርሰን ቡና የሚጭንበትን ፒክአፕ ይዞ መጣ። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

እስከ ይርጋጨፌ አስፋልት ነው፤ ደህና ነበርን። ኮረኮንቹ ላይ እንደገባን መኪናው አንዴ ሲዘል እማዬ ጮኸች። ጋሽ ሸምሱ ቀጥ አድርጎ አቆመ።

«ይሄ የለመደው ጆንያ ነው። ባዶውን ይደነብራል፤ ክብደት ያስፈልገዋል» አለ።

ጋሽ ሸምሱ ማለት በዚህ መኪና ዶሮ እንኳ አሳፍሮ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ወርዶ ከገበያ በእግራቸው የሚመለሱትን የባንኮ ሰዎች ይጣራ ጀመር።

«ኑ ውጡ! በነጻ ነው! ወፍራም ወፍራሙ ይቅደም!»

«ጋሼ፣ ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» አለ አንድ ቀጭን ሰውዬ።

«አንተ አትጠቅመኝም! ድንጋይ ይዘህ ና!»

ሰውዬው ሊስቅ ሲል በመስኮቱ እማዬን አየ። አልሳቀም። ከመንገድ ዳር ትልቅ ድንጋይ አቅፎ መጣና ወጣ። ሌሎቹም ከነሸክማቸው ተከተሉት።

መኪናው አደብ ገዛ። «ስንት ሰው ነው የጫናችሁት?» አለች እማዬ።

«ሠርገኛ ያህላሉ።»

«ሙሽራዋ እኔ ነኝ በላ!» ብላ ዓይኗን ከደነች... እንቅልፍ ወሰዳት። ከስንት ጊዜ በኋላ!

የገረመኝ፣ መንገዱን ሙሉ «ወራጅ!» የሚል ጠፋ። በራችን ላይ ሲወርዱ ነው የገባኝ፤ አብዛኞቹ የየቤታቸውን መታጠፊያ አልፈው ነው የመጡት።

«ምነው ሳትወርዱ?» አልኩ።

«ከወረድን ይቀላላ!» አለ ቀጭኑ፣ ድንጋዩን እንዳቀፈ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እማዬን ቀበርን። ለቅሶ ተቀመጥን። ትናንት እኔና ለለቅሶው የመጣው ጋሽ ሸምሱ ብቻችንን ስንመለስ፣ የኋላ ወንበር ላይ ማንም ሳይኖር፣ እሱ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍሬን እየያዘ በቀስታ ያልፍ ነበር።

እርማት፦ ከላይ «ባሌስትራው ደርቋል» ተብሎ የተገለጸው በስህተት ስለሆነ ይታረምልን። መኪናው ምንም አልሆነም። ባዶውን ስለተመለሰ ነው።