ሎሚና አመድ

እጄ አመድ አፋሽ ነው ስል ሰው ምሬት ብቻ ይመስለዋል። ምሬቱም አለ። ግን በቁሙም አመድ አፍሻለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አመድ በወንፊት እየነፋሁ፣ ሎሚ እየጨመቅሁ፣ ናስ ስወለውል ኖሬያለሁ።

ናሱ የእትዬ ነው። እትዬ ባላቸው ተሹመው ከሰሜን ወደ አርባ ምንጭ ሲመጡ አብረው የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግቢውን የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ያለችው የላንቴ ሙዝ ገበሬ ልጅ ነኝ። የዶርም ጫጫታ አላስጠና ሲለኝ ከጓሯቸው አንዲት ክፍል ሰጥተው፣ ከማዕዳቸው አብልተው ዩኒቨርሲቲን አስጨረሱኝ። በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት፣ ከአዲስ አበባ የገዟቸውን የድሮ የፈረንሳይ መብራቶች እንድሠራላቸው ጠሩኝ።

ሰባት የግድግዳ መብራቶችና ከጣሪያ የሚንጠለጠል አንድ ትልቅ ነበሩ። ሁሉም ናስ ናቸው፤ ቅጠልና የወይን ዘለላ ተቀርጾባቸዋል። ለሳሎኑ የቬልቬት ሶፋ፣ የእብነ በረድ ጠረጴዛና እስከ ወለል የሚወርድ መጋረጃ ቀድሞ ተገዝቷል። የበሰበሰውን ሽቦ ቀየርኩ። የአምፖሉ ማቀፊያ እንደኛው የሚጠመዘዝ ሳይሆን ተገፍቶ የሚቆለፍ ስለነበር እሱንም ቀየርኩ። በአራት ቀን ጨረስኩ። ሙያ በልብ ነው ብዬ መውጣት ሲገባኝ ልታይ ባይ ሆንኩና፣ እናቴ የናስ አምባሯን እንደምታጠራው አንዱን መብራት በሎሚና በአመድ አሸሁት። ጥቁር ቡናማው ለቀቀና ቢጫው ወጣ።

«ወይኔ ልጄ፣ ወርቅ!» አሉ እትዬ። «ጥርስሽ እስኪታይበት ወልውይው።»

ጥርሴ እስኪታይ ወለወልኩት። ሌሎቹንም። የሐይቁ እርጥበት ግን ቀልድ አያውቅም፤ ስምንተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ደብዝዞ ይጠብቀኛል። ሌላ ሠራተኛ ጨርቅ ካነሳ እትዬ ይቀሙና «የሷ እጅ ሌላ ነው» ይላሉ። እኔን ያሰረኝ ይኸው ሙገሳ ነው።

ከሦስት ወር በፊት ከሶዶ ተደወለልኝ። ለኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ የተፈተንኩትን አልፌያለሁ፤ እስከ ዓርብ ካልቀረብኩ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ደስታዬ ልክ አጣ። ለእትዬ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ሐሙስ እኮ ከፈረንሳይ እንግዳ ትመጣለች። የትልልቅ ሆቴሎችን ሳሎን የምታሰናዳ ባለሙያ ናት። እሷ ካደነቀችልኝ ቤቴ ስሙ ይጠራል። እስከዚያ ብቻ፣ ልጄ።»

ለአባቴ ብደውል ያጎረሰሽን እጅ እንዳትነክሺ ብሎ ዘጋው። እሺ፣ አንድ ቀን ይተርፈኛል አልኩ። ሻንጣዬን አሰርኩና እስከ ሐሙስ ቀትር ወለወልኩ።

ሴትዮዋ ገባች። በሩ አጠገብ ያለውን መብራት በጣቷ ዳሰሰችና አንድ ነገር ተናገረች። አብሯት የመጣው አስጎብኚ ተረጎመልን።

«ማን ነው ያጠራው ትላለች። ያሳዝናል ትላለች። ያ ጥቁረት የመቶ ዓመት ዕድሜው ነበር፣ ውበቱም እሱ ነበር።»

ሁለት ዓመት ስፍቅ የኖርኩት ዕድሜ ነው ለካ። ማፈር ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ ጮቤ ረገጠ፤ መወልወል ከቀረ እኔም ነፃ ነኝ ማለት ነው። እንግዳዋ ወደ በረንዳው ስትወጣ ወደ እትዬ ጠጋ አልኩ።

«እንግዲህ እትዬ፣ ይመርቁኝና ነገ ማለዳ ልሂድ።»

«የት? ያበላሸሽውን ማን ሊመልሰው?»

አስጎብኚውን ጠርተው አስጠየቁ። መልሱ አጭር ነበር፤ እጅ ካልነካው ራሱ ይጠቁራል። ዓመት፣ ምናልባት ሁለት ዓመት።

እትዬ ሎሚ የበላውን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እንግዲያው ማንም እንዳይነካው ጠብቂልኝ። የማምነው አንቺን ነው። ሌላ ልጅ የለኝም።»

እምቢ ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጉንጬን ሲስሙኝ ዋጥኩት። የምረግመው ራሴን ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፣ ማንም አልቆለፈብኝም።

ዓርብ ማለዳ የሶዶ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ሳሎኑ ውስጥ ነበርኩ። ቦታው ለተጠባባቂው ተሰጠ። አሁን ሥራዬ ናሱ ሲጠቁር መጠበቅ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ጨርቅ ይዛ ስትጠጋ «ተይው!» እላለሁ፣ ሌላ ምንም አልሠራም።

ዛሬ በሩ አጠገብ ያለው መብራት ፊት ቆሜ ጥርሴን ገለጥኩ። አይታይም። እትዬ ከኋላዬ ቆመው ኖሮ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ጥቁረቱ እየያዘልን ነው።»