ከሰኞው ዝርዝር ያስቀረሁት ጥናት

ከጎጃም መጥቼ ቀራንዮ ቤት ከተከራየሁ ጀምሮ ሥራዬ አንድ ነው። በአንድ የምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ፣ ተመራማሪዎች በሰጡኝ ቃላት ኮምፒውተሩ የሚለቅማቸውን አዳዲስ ጥናቶች ሰኞ ሰኞ በኢሜይል እልክላቸዋለሁ።

ከቆሼ የቆሻሻ ክምር በታች ያሉትን የውሃ ጉድጓዶች የሚያጠኑ አንድ አዛውንት ነበሩ። አንድ ሰኞ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ የራሳችን ቆሻሻ አንሶን የዓለሙን ሁሉ ላክሽልኝ?» አሉኝ።

«ምኑን ላስቀርልዎ?»

«መጥተሽ እዪው።»

አብሬያቸው ሄድኩ። ባልዲ በገመድ ለቀው ውሃ ቀዱ፤ አሸተቱት፤ በጠርሙስ አደረጉት። ጉዳያቸው ቆሻሻው ሳይሆን ከክምሩ ሥር ወደ ውሃው የሚሰርገው እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ተመልሼ ቃሎቻቸውን አስተካከልኩ። ዝርዝሩን ያጨናነቀው ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የማመንጨት ወሬ ስለነበር፣ «ኤሌክትሪክ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ እንዲቀር ኮምፒውተሩን አዘዝኩ።

በሳምንቱ «አሁን ሰው አደረግሽኝ» ብለው ሳቁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

በዓመቱ ዐረፉ። ለጸሎት ስማቸውን ለካህኑ ልሰጥ ብል፣ የክርስትና ስማቸውን አላውቅም። የሚፈልጉትን ቃል ሁሉ ጠይቄ፣ እሱን አልጠየቅኩም።

ከተጠቃሚዎች መዝገብ ልሰርዛቸው ስል፣ ኮምፒውተሩ ያስቀራቸውን ጥናቶች ከፈትኩ። ከመሞታቸው ሦስት ወር ቀደም ብሎ የወጣ አንድ ጥናት እዚያ ተኝቷል። ሌላ አገር፣ ከቆሻሻ ክምር በታች ያሉ ጉድጓዶች፤ ልክ የእሳቸው ሥራ። የዚያ አገር ሰዎች ውሃ የሚስቡት በኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሆነ ቃሉ አንዴ ገብቶበታል። እኔ ያየሁት ገመድና ባልዲ ነበር።

አትሜው አሥራ ስምንት ማዞሪያ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። ጥፋቴን ሳልሸሽግ ነገርኳት። ወረቀቱን ተቀበለችኝ።

«አባዬ እስከ መጨረሻው ‹ይህን ነገር እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የማየው?› ይል ነበር» አለች። «ብቻዬን ነኝ ብሎ ነው የሄደው።»

«ይቅር በዪኝ። የክርስትና ስማቸውንም ንገሪኝ፣ ለካህኑ ልስጥ።»

 የክርስትና ስማቸውን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፈችና ቀድዳ ሰጠችኝ። ጥናቱን እሷ ጋ አስቀረችው።

ስሙን ለካህኑ ሰጠሁ። ከመዝገቡ ግን አልሰረዝኳቸውም። በ«ኤሌክትሪክ» ላይ የጣልኩትን እገዳ አንስቻለሁ፤ የዓለሙ ቆሻሻ ሁሉ ተመልሶ መጥቷል። ሰኞ ሰኞ ከላይ እስከ ታች አንብቤ እልክላቸዋለሁ። የኢሜይል አድራሻቸው ገና አልተዘጋም። ይቀበላል።