እስከ ወገቤ የደረሰው ወለል

የልጅ ልጆቼ የጓሯችንን መጋዘን ነገር ንገሪን ካሉኝ ሰነበቱ። ትልቋ በስልኳ እየጻፈችልኝ ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ የማውቀው አፌን ነው።

ቦታው ድሮ የባለቤቴ አጣና መሸጫ ነበር። ያኔ ከ18 ማዞሪያ እስከ ቀራንዮ ቤት የሚሠራ ሁሉ ቋሚውንም ማገሩንም ከእኛ ይወስድ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱ በእኛ ግቢ ነው። አንድ ሐምሌ አጣናውን ጠራርጎ ሲሄድ ላስቀር ብዬ ገባሁ፤ ውሃው ወገቤ ጋ ደረሰ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አጣናውን ትቶ እኔን ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ ወዲያ በተናደደብኝ ቁጥር "ምነው አጣናውን ባወጣሁ" ይለኝ ነበር። እስካሁን ሳቄ ይመጣል።

እሱ ካረፈ በኋላ ሰው ሁሉ በብሎኬት መሥራት ጀመረ፣ የአጣናው ገበያም ቀዘቀዘ። በሰፈራችን መጋዘን እንደ አሸን ይፈላ ነበርና ልጄ እኛም እንሥራ አለ። እሺ አልኩ። ግንበኛው ወለሉ ምን ያህል ከፍ ይበል ብሎ ሲጠይቅ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እስከዚህ አልኩት። ግንበኛው ልጄን አየ፣ ልጄ መሬቱን አየ። ድንጋይና ገረጋንቲ በላን እንጂ ወለሉ እንዳልኩት ሆነ።

መጋዘኑ ባለቀ በዓመቱ ከላይ አስፋልት ወጣ፣ ከጎኑም ቱቦ ተቀበረ። ጎርፉ ያኔ እንደሄደ ቀረ። እኔ ውሃ እጠብቃለሁ፣ ውሃው ሌላ መንገድ አግኝቷል።

ተከራይም አልመጣ። መጋዘኑ ስለበዛ ተከራይ መራጭ ሆኗል፤ አንዱ በሩ ጠበበኝ ይላል፣ ሌላው መኪና አያዞርም ይላል። የእኛን የሚያይ ሁሉ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጭነት በደረጃ እንዴት ይወጣል እያለ ይመለሳል። ደላላው የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ትንሽ ሆኖ አጣና ላይ ሲንጠላጠል ያባረርኩት። አንድ ቀን በር ላይ ቆመና፣

"እማማ፣ ይሄ እኮ መድረክ ነው። ዘፋኝ ላምጣልዎት?" አለኝ።

"አንተው ዝፈንበት፣ አፍ እንደሆነ አላነሰህ።"

ቤት ስገባ ግን ከፋኝ። ልጄ እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልተከራየ ወለሉን አፍርሶ ዝቅ ሊያደርገው ቆርጧል፤ የሚያፈርሱትንም አነጋግሯል። ባለቤቴ ጎትቶ ያወጣኝን ቦታ የሚቆፍሩብኝ መሰለኝ። ይሄን ለልጄ አልነገርኩትም።

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደላላው አንዲት የሴራሚክ ነጋዴ ይዞ መጣ። ሌላ ቦታ ያገኘላት መጋዘን በሩ መኪናውን አላስገባ ብሎ፣ ሴራሚኩም ባኞውም እንደተጫነ ነው። ለዛሬ ብቻ እዚህ ይረፍ፣ ነገ ደህና ቤት እፈልግልሻለሁ ሲላት እሰማለሁ። ሾፌሩ በኋላ ማርሽ መጥቶ ተጠጋ። የኋላው ስፖንዳ ሲከፈት ወለላችን ላይ እንደ ድልድይ ተጋደመ። የመኪናው ጀርባና የእኛ ወለል እኩል ናቸው።

አውራጆቹ ማጎንበስ የለ፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ ማቀባበል የለ፣ ቀጥ ብለው እየተራመዱ አስገቡት። አንደኛው ጋሪውን እየገፋ ዛሬ ትከሻችን እሁድ ነው ሲል ሌሎቹ ሳቁ። አንድ ሴራሚክ አልተሰበረም። ነጋዴዋ ካርቶኖቹን እየነካካች ቆይታ ወደ እኛ ዞረች።

"ይሄን የሠራው መሐንዲስ ማነው?"

ልጄ አፉን ሳይከፍት "እኔ ነኝ" አልኩ። ስለ ጎርፉ ትንፍሽ አላልኩም። ይኸው አሁን ተናገርኩ።

ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አለች። ሌላው በሩ ላይ "ይከራያል" ብሎ ለጥፎ ሲከርም የእኛ መጋዘን አንድ ወር እንኳ ጾሙን አላደረም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ዱላዬን ይዤ ዞር ዞር እላለሁ፣ መንገድ እወዳለሁ። አዳዲሶቹን መጋዘኖች ሳይ ወለላቸው ሁሉ ከፍ ብሏል። የተማረ ሰው ነው የሠራቸው ብዬ ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ነጋዴዋ ልትጠይቀኝ መጥታ አንድ ነገር ነገረችኝ። ከዓመታት በፊት፣ አዳዲሶቹ መጋዘኖች ገና ሳይሠሩ፣ ደላላው በሳንሱሲ በኩል የራሱን መጋዘን ሊሠራ ሲነሳ፣ እኔ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ላስቀድስ በሄድኩበት አንድ እሁድ ግንበኛ ይዞ መጥቶ ነበር። እሷ ዕቃ ልታወጣ መጥታ ስለነበር በሩን የከፈተችለት እሷ ናት። ለእማማ እንዳትነግሪብኝ ብሎ ካስማላት በኋላ ወለላችንን ከመሬት እስከ ጫፉ በሲባጎ ለክቶ፣ ልኩ ጋ ቋጥሮ፣ ሲባጎውን ኪሱ ከትቶ ሄደ።