ማርያምን ያለመጥራት ልምምድ

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ በምጥ መሃል "ማርያም!" ብዬ እንዳልጮህ እፈራ ነበር። አለመጮኼ ደግሞ ከዚያ ይብስ ያስፈራኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው የቀበሌያችን አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለነፍሰ ጡሮች ትምህርት ይሰጥ ነበር። የምታስተምረን ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ካኪ ለባሽ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የቀበሌው ካድሬም እሷው። የምንወልደውም እሷ የምትሠራበት ሐኪም ቤት ነው። መፈክር አሰምታን ስናበቃ ምንጣፍ ላይ ታስተኛናለች።

"ምጥ ሲመጣ ትንፋሽ ይቆጠራል! ማርያም ማርያም እያሉ መንጫጫት ኋላ ቀርነት ነው!"

ያ ሁሉ ሆድ ተደርድሮ "አንድ፣ ሁለት" ሲል ሳቄ ያመልጠኝ ነበር። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ይጠፋል።

ባሌ አራት ኪሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ አንዴ "አድኃሪ" ተብሎ ተገምግሟል። "አደራሽን፣ እዚያ አፍሽን ጠብቂ፤ የእንጀራችን ነገር ነው" ይለኛል። እናቴ ደግሞ ከሥላሴ ስትመለስ ጎራ ትልና፣ "እሷን ሳትጠሪ ማን አጠገብሽ ሊቆም ነው? ብቻሽን ልትወልጂ?" ትለኛለች። በሁለቱ መካከል ከነሆዴ ቀረሁ። "ብቻሽን" ያለችው ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። እሞታለሁ ብዬ መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ምጡ የመጣው እዚያው ልምምድ ላይ ነው። "አንድ" ብዬ ሁለትን መጥራት አቃተኝ። አስተማሪዋ ገና ስታየኝ ገባት፤ ሌሎቹን አሰናብታ፣ ታክሲ አስቁማ፣ ሽቅብ በፒያሳ በኩል ሐኪም ቤቷ ይዛኝ ገባች።

እዚያ የነጠላዬን ጫፍ እያኘክሁ ቆጠርኩ። ቁጥሩ ተምታታብኝ፤ ኃይሌ አለቀ። መሞቴ ነው አልኩ በልቤ፤ ያውም ብቻዬን።

"ምን አፍሽን ትዘጊያለሽ?" አለችኝ አስተማሪዋ።

"ቁጠሩ ብለሽናል እኮ፣ ጓድ!"

ዞር ብላ በሩን አየች። ከዚያ ክንዷን አንገቴ ሥር አስገብታ፣ አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ፣ "ማርያም፣ ማርያም" አለች። ቀስ ብላ፣ ልክ እንደ ሰፈራችን እናቶች። "በይ፣ አብረሽኝ በይ እንጂ!"

አልኩ። ጣሪያው እስኪሰነጠቅ አልኩ። ልጄም በዚያው ጩኸት መሃል ወጣች።

እፎይ! እንዲያ ያለ እፎይታ ከዚያ በኋላም አላውቅም። ተርፌያለሁ፤ ልጄ ታለቅሳለች፤ ብቻዬንም አልነበርኩም። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ባሌና እናቴ ሲገቡ አስተማሪዋ የካኪዋን ኮሌታ እያስተካከለች ነበር። "እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ" አለች እናቴ፣ ካኪውን ከምንም ሳትቆጥር። ባሌ ክው አለ። ወሬውን ለማስቀየር ፈጠን ብሎ፣ "ትምህርቱ ጠቅሟት ይሆን፣ ጓድ?" ሲል ጠየቀ።

"ጥሩ አድርጋ ቆጥራለች" አለች አስተማሪዋ፣ ፊቷን ሳትፈታ።

"አብረን ነው የቆጠርነው" አልኩ።