እትዬ ጫልቱ ያፈረሱት አጥር

ትናንት አሶሳ ገበያ ዳር ሰዎች ቀርከሃ ሲሰነጥቁ አይቼ አለፍኩ። የእርጥብ ቀርከሃው ሽታ የልጅነቴን ጸሎት ቤት አስታወሰኝ።

ያኔ ግድግዳውን ምስጥ ሲበላው፣ ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ የጓሯቸውን አጥር አፍርሰው ቀርከሃውን ሰጡ። እሁድ ግድግዳው ቆሞ ሲመረቅ የምስጋናውን ጸሎት እንዳደርስ እኔ ተመረጥኩ፤ በአሥር ዓመቴ በረጅም ጸሎት የታወቅኩ ነበርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ «ግድግዳ የሰጠኸን ጌታ ሆይ» እያልኩ ሳስረዝም፣ ሽማግሌው ጋሽ ኢተፋ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ጌታ ሰምቶሃል። ጫልቱን ደግሞ ዓይንህን ገልጠህ፣ እያየሃት አመስግናት።»

ገለጥኩ። ጉባኤው ሁሉ እንደጨፈነ ነው። የእትዬ ጫልቱ ዓይን ብቻ ተከፍቶ በመስኮቱ ወደ ጓሯቸው ያያል፤ አጥር በሌለው ጎመናቸው ውስጥ ሁለት ፍየሎች ገብተዋል።

«እትዬ ጫልቱ፣ እግዜር ይስጥልን» አልኩ።

«አሜን! በል ቶሎ ጨርስ የኔ ልጅ፣ ጎመኔ አለቀ!»

ጉባኤው እየሳቀ አሜን አለ። ጋሽ ኢተፋ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ፍየል ልናባርር ወጣን።

ዛሬም ስጸልይ መሃል ላይ ዓይኔን ገለጥ አደርጋለሁ። አጠገቤ የቆመውን ሰው አያለሁ፤ ከዚያ እቀጥላለሁ።