የአባቴ እጅና ፎጣው

አባቴ የከብት ደላላ ነበር። ሰኞ ሰኞ ከከሚሴ ባቲ እየሄደ የአፋሮችን በሬና ግመል ከገዢ ያገናኛል። እዚያ የከብት ዋጋ በአፍ አይነገርም፤ ደላላው ፎጣውን በራሱና በገዢው እጅ ላይ ጣል ያደርግና ከሥሩ ጣት በመጨበጥ ይነጋገራሉ። የቆመ ሰው የሚያየው ፎጣ ብቻ ነው። አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ባፉ ጥቂት ይዋሽ ነበር፤ በጣቱ ግን ዋሽቶ አያውቅም።

መንቀጥቀጥ የጀመረው ያ እጅ ነው። አንድ ሰኞ የአንድ ግመል ዋጋ ለገዢው ሲነግር ጣቱ አልቆም አለ። ገዢው ዋጋው እየጨመረ የሄደ መሰለውና እጁን መንጭቆ «ይኼ ሰውዬ አያፍርም እንዴ?» አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም አባቴ ያንኑ ዋጋ ለእያንዳንዳቸው ከፎጣ ሥር እንዲነግራቸው አዘዙ። ሁሉም የየራሱን ዋጋ ይዞ ወጣ። ከዚያ የግመሉ ነገር ተረሳና እርስ በርስ ተጣሉ፤ እነሱን የሚያስታርቅ ሌላ ሽማግሌ ተፈለገ።

ከዚያ ወዲህ ባቲ ላይ ለአባቴ እጁን የሚሰጥ ጠፋ። በእጁ የኖረ ሰው እጁ ካልታመነ ምን ይቀረዋል? በገዢውም፣ በሽማግሌዎቹም፣ በእሱም ተናድጄ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። አንጎል ውስጥ አንድ ፕሮቲን እየጓጎለ፣ ሰውነትን የሚያንቀሳቅሱትን ሕዋሳት እንደሚጎዳ አስረዳን።

«ማል ጄዳ?» አለኝ አባቴ በኦሮምኛ፤ ምን ይላል ማለቱ ነው።

«አንጎልህ ውስጥ እንደ ገንፎ የጓጎለ ነገር አለ ይላል።»

«አይቶታል?»

አላየውም። ውጭ አገር ከጀርባ ፈሳሽ ቀድተው እዚያ ውስጥ የሚፈልጉት ተመራማሪዎች አሉ፤ እዚህ ግን የለም። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰውየው ሞቶ አንጎሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው አለን።

«እንግዲያ ስሞት ታመጪኛለሽ» አለኝ አባቴ። «ያኔ መድኃኒቱን ያዝልኛል።»

«እስከዚያው እጅዎን አይቼ ነው የምፈርደው፣ አባባ። ይስጡኝ» አለ ሐኪሙ።

አባቴ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ በራሱና በሐኪሙ እጅ ላይ ጣል አደረገ። ሐኪሙ ሊያነሳው ሲል «ተው፣ ሰው ያያል» አለው። ምርመራው ከፎጣ ሥር ሆነ። ሐኪሙ ጣቶቹን እያጠፈ እየዘረጋ ቆይቶ ፊቱ ከበደ። አባቴም አየው።

«እስቲ ዋጋውን ዝቅ አድርግልኝ» አለው።

መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን ቀነሰለት፤ ባቲ ግን የሰማውን አይረሳም። አባቴ ሰኞ ሰኞ ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ ደጃችን ይቀመጥ ጀመር። አንድ ሰኞ አጠገቡ ስቀመጥ ፎጣውን እጃችን ላይ ጣለና ጣቶቼን ጨበጠ፤ ለቀቀ፤ ደግሞ ጨበጠ። የጣት ንግግር ሴት ልጅን አያስተምሩምና ስንት እንዳለኝም ሆነ ምን እንደሚሸጥልኝ አላወቅሁም።

«እሺ፣ ገዝቻለሁ» አልኩት።

እጁን መነጨቀ። «ሳትከራከሪኝ? አንቺም በሽተኛ ነው አልሽ።»

ፎጣውን አንስቼ መልሼ እጃችን ላይ ጣልኩት።

«ተወደደብኝ፣ አባ» አልኩት።

እንደገና ጨበጠኝ።