የየሺአረግ አሥራ ሁለት ማጠንጠኛዎች

የሺአረግ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አሥራ አራት ዓመት ጨርቅ መርማሪ ሆና ሠርታለች። ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲጎተት በዓይኗ ትከተለዋለች፤ የተበጠሰ ክር ስታገኝ ከሽርጧ ኪስ ሰማያዊ ጠመኔ አውጥታ ምልክት ታደርጋለች። ሌሎቹ መርማሪዎች እንከን ሲያገኙ በሸማኔው ላይ ይጮኹ ነበር። እሷ ግን ሄዳ ታመጣውና ጣቱን በጨርቁ ላይ አስቀምጣ ክሩን ወደ ኋላ ታስከትለዋለች።

«እዚህ ታየ እንጂ እዚህ አልተበላሸም» ትለዋለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ጥፋቱም ብዙ ጊዜ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ይገኛል።

በ1979 ዓ.ም. ለፋብሪካው ሁለት ኮምፒውተሮች መጡ። ሥራ አስኪያጁ ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ የላካት እሷን ነበር። ስምንተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት የጨረሰች ሴት ትሄዳለች ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም፤ እሷም አልጠበቀችም። ስትመለስ ለሁለቱ ማሽኖች ከፋብሪካው አቡጀዲ ልብስ ሰፋችላቸው፤ ጠርዙን በሰማያዊ ክር ዘመዘመችው። ክፍሉ ውስጥ ለማሽኖቹ ሲባል አየር ማቀዝቀዣ ስለተገጠመ፣ በግንቦት ሙቀት ወረቀት ይዞ ጉዳይ አለኝ የሚል ሠራተኛ በዛ። ማንንም አላባረረችም። «በሩን ዝጉት ብቻ» ትላለች።

በዚያው ዓመት እሷ ዘንድ ማሽኑን ማዘዝ ከሚማሩት ጀማሪዎች አንዷ ዛምዛም ነበረች። የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመት በፈተል ክፍል የሌሊት ተረኛ ሆና ሠርታለች። የጥጡ ብናኝ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። የክሊኒኩ ሐኪም ከብናኙ እንድትወጣ ቢጽፍላትም፣ ክፍት ቦታ የለም ተብሎ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ተኛ። አሁን ግን በሰዓት መቆጣጠሪያ ቢሮ አንድ ቦታ ተከፈተ። የሠራተኛን የሥራ ሰዓት የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፎ ቅዳሜ ጠዋት በኃላፊው በጓድ ሣህሉ ፊት ያሳየ ሰው ቦታውን ያገኛል። ዛምዛም ካልቻለች ወደ ብናኙ ትመለሳለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሟን ጽፋ ጨረሰች። ፕሮግራሟ አጭር ናት፤ ሠራተኛው የገባበትን ሰዓት ትጠይቃለች፣ የወጣበትን ትጠይቃለች፣ ከመውጫው ላይ መግቢያውን ቀንሳ መልሱን ታሳያለች። ዛምዛም የራሷን ተራ አስገባች፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገብታ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች። በአረንጓዴ ፊደል ስምንት የሚል ወጣ። ከወንበሯ ብድግ አለች።

አብሯት የሚማረው የመጋዘን ሠራተኛው ዱዓሌ አንገቱን አሰገገ። «እስቲ የኔንም ክተቺ፣ አባዮ እህቴ። ጠዋት አሥራ ሁለት ገብቼ ቀን ስምንት እወጣለሁ።»

አስገባች። ከዜሮ በታች አራት አለ።

«አቦ! ስምንት ሰዓት ለፍቼ ጭራሽ አራት ሰዓት አለብህ ይለኛል? ይሄ ማሽን ካድሬ ሆነ እንዴ?»

«ቀስ በል ወሪያ፣ በሩ ክፍት ነው!» አለችው ዛምዛም። ግን አልሳቀችም። ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጻፈችው፤ ያው አራት። ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈችው፤ ያው ነው።

«እትዬ የሺአረግ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል።»

የሺአረግ እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ወደ ኋላ አጣምራ መጣች። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትመጣው። የጀማሪን ፊደል መምቻ ነክታ አታውቅም።

«እኔም አዲስ አበባ ሁለት ቀን ሙሉ ተበላሽቷል ብያለሁ» አለች። «መሐንዲስ ሁሉ አስጠርቻለሁ፣ አፈር ልብላ። እስቲ ተይው። አሁን ማሽኑ እኔ ነኝ። ከነገርሽኝ በቀር ምንም አላውቅም። የጻፍሽውን አንብቢልኝ።»

ከጠረጴዛዋ ሥር የስንደዶ ሙዳይ አወጣች። በውስጡ አሥራ ሁለት ባዶ የክር ማጠንጠኛዎች አሉ።

«መውጫው ስንት ነው?»

«ስምንት።»

የሺአረግ ስምንት ማጠንጠኛ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ቀጥሎስ ምን አድርግ አልሽው?»

«መግቢያውን ቀንስ። አሥራ ሁለት።»

አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር። ስምንተኛውን ስታነሳ ጠረጴዛው ባዶ ሆነ፤ እጇ ግን በአየር ላይ ቀረ፣ ሌላ እንደሚጠብቅ ሰው እጅ። «አራት ጎደለኝ» አለች በየዋህነት።

ዱዓሌ ሳቀ። ዛምዛም ግን ያንን ባዶ እጅ አተኩራ አየችው።

«እንዲህማ ካልኩሽ አልተሳሳትሽም» አለች ቀስ ብላ።

«ማሽኑም አልተሳሳተም። ዱዓሌ ስምንት ሰዓት ላይ ሲወጣ፣ ሰዓቱ የት ደርሶ ነው የተመለሰው?»

«አሥራ ሁለት ሞልቶ እንደገና ከአንድ ጀመረ።» ዛምዛም አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ ብቻ ነኝ ሳይዞርብኝ የምወጣው! በራሴ ተራ ስለሞከርኩት ነው ልክ የመጣልኝ። መውጫው ከመግቢያው ካነሰ አሥራ ሁለት ደምርበት ልበለው?»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ፣ ለእሱ ንገሪው።»

ነገረችው። ለዱዓሌም ስምንት መጣለት። የሺአረግ ጠመኔዋን አውጥታ፣ ዛምዛም በእጇ ከጻፈችው ወረቀት ላይ መቀነስ የሚለው መስመር አጠገብ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አደረገች።

ቅዳሜ ጠዋት ጓድ ሣህሉ የተለኮሰ ሲጋራውን በር ላይ አጥፍቶ ገባ። የሦስቱንም ተረኞች ሰዓት ሞከረ፤ ሦስቱም ስምንት መጣ። ዛምዛም በረጅሙ ተነፈሰች። ያኔ ኃላፊው ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

«ባለፈው ሳምንት ተተኪው ቀርቶበት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ማታ አሥራ ሁለት የሠራ ሰው አለ።»

ዛምዛም አስገባች። ዜሮ።

«አቦ፣ እኔ ነኝ ያ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ ዱዓሌ ከኋላ። «ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክሜ ዜሮ?»

ጓድ ሣህሉ ወደ የሺአረግ ዞረ። «ወይዘሮ የሺአረግ፣ ያው እርስዎ ያስተካክሉት። ቦታውን ግን ለሌላ እንሰጣለን።»

የሺአረግ ፊቷ ቀላ፤ ኃላፊ ሲያናግራት ሁልጊዜ ታፍራለች። እጆቿ ግን ከነጠላዋ ሥር አልወጡም።

«ገና አልጨረሰችም፣ ጓድ» አለች፣ ብዙም በማይሰማ ድምፅ። «አንድ አፍታ ይታገሷት።»

ዛምዛም ጎንበስ ብላ ሙዳዩን ከጠረጴዛው ሥር ሳበች። በኃላፊው ፊት አሥራ ሁለቱን ማጠንጠኛ ደረደረች፤ ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳች ቆጠረች። የመጨረሻውን በእጇ እንደጨበጠች ባዶውን ጠረጴዛ ተመለከተች። እዚህ ታየ እንጂ እዚህ አልተበላሸም። ዓይኗን ወደ ኋላ፣ ሐሙስ ዕለት ወደ ጨመረችው መስመር መለሰች።

«ካነሰ ብቻ ነው ያልኩት» አለች። «እኩል ሲሆን ምን እንደሚያደርግ አልነገርኩትም።»

በአንድ እጇ ጻፈችው፣ አንድ ፊደል በአንድ ጣት። አሥራ ሁለት መጣ።

«አሁን ገና ሰው ሆንኩ!» አለ ዱዓሌ።

ጓድ ሣህሉ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሰኞ ጠዋት ሰዓት መቆጣጠሪያ ትገቢያለሽ። ፈተል ክፍል እኔ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ወጣ።

የሺአረግ ማጠንጠኛዎቹን ወደ ሙዳዩ መለሰች። ስትቆጥራቸው አሥራ አንድ ሆኑ። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገች፣ ወንበሩንም አነሳች።

አሥራ ሁለተኛው በዛምዛም ጭብጥ ውስጥ ነበር። እንደያዘችው እንኳ አላወቀችም።